ደላላ የሚለው ቃል ከየት መጣ? ለምንስ ተጠላ?

አዲስ አበባ ውስጥ ቤት የሚከራይ፣ መኪና የሚሸጥ ወይም የቤት ሠራተኛ የሚቀጥር ሰው ውሎ አድሮ ከደላላ ጋር መገናኘቱ አይቀርም። ደላላ የሌለበት ሰፈር የለም። አንዱ ካፌ በረንዳ ላይ ሁለት ስልክ ይዞ ይውላል፤ ሌላው «የሚሸጥና የሚከራይ ቤት አለን» ብሎ በቆርቆሮ ላይ ጽፎ ከአጥር ላይ ሰቅሏል። ሥራው ሲነገር ቀላል ነው፤ ፈላጊንና ተፈላጊን ያገናኛል። ስሙ ሲነሳ ግን ፊት ይጠቁራል። ቤቱን ለማከራየት የሚያስነግር ሰው ከስልክ ቁጥሩ በታች «ደላላ አይደውል» ብሎ ይጨምራል፤ አንድ ወሬ እምነት ካጣ «የደላላ ወሬ ነው» ተብሎ ይጣላል። እንዲህ የሚያማው ሰው ራሱ ግን ወር ሳይሞላ ሌላ ቤት ሲያስፈልገው ደላላ ፍለጋ ይወጣል።

ሁሉም የሚያማው፣ ሁሉም የሚፈልገው ይህ ባለሙያ ስሙን ከየት አገኘው? ስሙስ እንዴት ከፋ? የዛሬው ትምህርት እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች ይከተላል። ቃሉ ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ በገበያ ውስጥ የኖረ፣ ከባግዳድና ከካይሮ ገበያዎች ተነስቶ እስከ ቦምቤይ፣ እስከ ኢስታንቡልና እስከ ዳሬሰላም የዞረ ነውና ታሪኩ ከአንድ ከተማ ይሰፋል።

በመጀመሪያ አንድ ነገር መለየት ያስፈልጋል። ገበያ ላይ ሰው የሚያጣድፍ ሁሉ ደላላ አይደለም። ሱቅ በደረቴው ማስቲካውን፣ ሶፍቱንና ከረሜላውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ይዞራል፤ የሚሸጠው የራሱን ነው፤ ገዢ ካጣ የሚከስረውም እሱ ራሱ ነው። ጉሊት የምትቸረችረው ሴትም እንዲሁ ናት። ደላላ የሚሸጠው ግን የሌላ ሰው ንብረት ነው። ቤቱ የእሱ አይደለም፤ የሚከፈለውም ገንዘብ የእሱ አይደለም። የእሱ የሚሆነው ሁለቱ ሲስማሙ ከመካከል የሚቆረጥለት ኮሚሽን ብቻ ነው። የደላላ ጠባይ ሁሉ፣ ስሙም የተጓዘበት መንገድ፣ ከዚህ አከፋፈል ይመነጫል።

ቃሉ በአማርኛ ሰዋስው ሲመዘን እንግድነቱ ይታወቃል። አማርኛ መጨረሻው «ለ» ከሆነ ግስ የአድራጊ ስም ሲያወጣ «ለ»ን ወደ «ይ» ይለውጣል። ገደለ ብሎ ገዳይ፣ በደለ ብሎ በዳይ፣ ከፈለ ብሎ ከፋይ፣ ጠቀለለ ብሎ ጠቅላይ ይላል። ደለለ የሚል ግስ አለን፤ በደንቡ ከሄድን ሠሪው «ደላይ» መባል ነበረበት። «ደላላ» ከዚህ መስመር ይወጣል። የወጣበትም ምክንያት ስሙ በሌላ ቋንቋ በስሎ ያለቀ የሙያ ስም ሆኖ ስለገባ ነው።

ያ ቋንቋ ዐረብኛ ነው። በዐረብኛ «ደለ» ማለት መራ፣ አመለከተ፣ መንገድ አሳየ ማለት ነው። መንገድ መሪውም ሆነ ለአንድ ነገር የሚቀርበው ማስረጃ «ደሊል» ይባላሉ። ዐረብኛ የመካከለኛውን ፊደል አጥብቆ፣ ከኋላው ያለውን ድምፅ አስረዝሞ የሙያ ስም ይሠራል፤ እንጨት ጠራቢው «ነጃር»፣ ልብስ ሰፊው «ኸያጥ»፣ ዳቦ ጋጋሪው «ኸባዝ»፣ ሸክም ተሸካሚው «ሐማል» ነው። ሐማል ወደ አማርኛም ገብቶ የጭነት ሠራተኛ መጠሪያ ሆኗል። በዚሁ ደንብ፣ የማሳየትን ሥራ ሙያው ያደረገ ሰው «ደላል» ተባለ። ሲወለድ ቃሉ ነቀፋ አልነበረበትም፤ ዕቃው የት እንዳለና ማን እንደሚፈልገው አውቆ የሚያመለክት ሰው ማለት ነበር።

ይህ ሰው ሲሠራ ምን ይመስል እንደነበር በቅርብ የጻፈ አለ። ኤድዋርድ ሌን የተባለው እንግሊዛዊ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ካይሮ ተቀምጦ የግብፃውያንን አኗኗር የሚገልጽ መጽሐፍ በ1836 እ.ኤ.አ. አሳተመ። በእሱ ገለጻ፣ በኻን አል ኸሊሊ ገበያ በሳምንት ሁለት ቀን፣ ሰኞና ሐሙስ፣ ጨረታ ይውላል። ጨረታውን የሚያካሂዱት ደላሎች ናቸው። ደላላው ዕቃውን በእጁ ይዞ በሱቆቹ መካከል ይመላለሳል፤ አንዱ የሰጠውን ዋጋ ለሌላው እየጮኸ ያሰማል። ጩኸቱም «ሐራጅ!» የሚል ነው። የጋዜጣ ማስታወቂያ የሚያነብ ኢትዮጵያዊ ይህን ቃል ያውቀዋል፤ ባንክ ዕዳውን ያልከፈለ ደንበኛ ቤት ሲሸጥ፣ ፍርድ ቤት ፍርድ ሲያስፈጽም የሚያወጣው «የሐራጅ ማስታወቂያ» ያው የካይሮ ደላላ ጩኸት ነው። አማርኛ ሠሪውንም ጩኸቱንም ከአንድ ገበያ ወስዷል። አንዱ በፍርድ ቤት ማኅተም ሥር ተከብሮ ሲኖር ሌላው ከነስሙ ሲታማ ይውላል።

ከሌን በፊትም ደላላ በሰነድ ይገኛል። ጥንታዊቷ ካይሮ በሆነችው በፉስጣጥ የሚገኘው የቤን ዕዝራ ምኩራብ የእግዚአብሔር ስም ሊኖርበት የሚችል ወረቀት እንዳይጣል በአንድ ክፍል ሲያከማች ኖሯል። ክምችቱ በአብዛኛው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ወደ እንግሊዟ ኬምብሪጅ ተወስዶ ሲመረመር የነጋዴ ደብዳቤ፣ የሒሳብ መዝገብና ውል ወጣበት። እነዚህን ወረቀቶች ለዓመታት ያጠናው ሽሎሞ ጎይታይን ከ10ኛው እስከ 13ኛው ክፍለ ዘመን የነበረውን የሜዲትራኒያን ንግድ ከነሕይወቱ ጽፎታል። በዚያ ዓለም ውስጥ በመካከል የሚቆም ሰው አንድ ዓይነት ብቻ አልነበረም። ዕቃ ይዞ የሚዞረው ደላል፣ ትልልቅ ግብይት የሚያስማማው ሲምሳር፣ ዋጋ የሚያውጀው ሙናዲ ተለይተው ይታወቁ ነበር።

በዚያው ዘመን ደላላን መጠርጠርም ነበር። የሙስሊም ከተሞች «ሙሕተሲብ» የሚባል የገበያ ተቆጣጣሪ ነበራቸው፤ ሚዛን ይፈትሻል፣ ወተት ውኃ መቀላቀሉን ይመረምራል። በ12ኛው ክፍለ ዘመን በሶርያ የኖረው አል ሸይዘሪ ለእነዚህ ተቆጣጣሪዎች መመሪያ ሲጽፍ ለደላሎችና ለዋጋ አዋጆች አንድ ምዕራፍ መድቧል። ደላላ የታመነና መልካም ምግባር ያለው እንዲሆን ይጠይቃል። ባለዕቃው ሳያዘው በገዛ ፈቃዱ ዋጋ እንዳይጨምር፣ ከጨርቅ ነጋዴ ጋር በሽርክና እንዳይገባ፣ እንዲሸጥ የተሰጠውን ዕቃ ለራሱ እንዳይገዛ ይከለክላል። እነዚህ ሦስት ክልከላዎች የተጻፉት ደላሎች ያደርጓቸው ስለነበረ ይመስላል። የዛሬውም የቤት ገዢ ቅሬታ ሲጨመቅ ከእነዚህ ሦስቱ ብዙ አይርቅም።

ጥርጣሬው ከሸይዘሪም ይቀድማል። በእስልምና የሐዲስ መዛግብት ነቢዩ ሙሐመድ የከለከሏቸው ተብለው ከተመዘገቡት የገበያ ድርጊቶች መካከል ሦስቱ የደላላን ነገር ይነካሉ። አንደኛው፣ ሳይገዙ ዋጋ ለማስወደድ ብቻ ጨረታ ውስጥ መግባት ነው። ሁለተኛው፣ ወደ ከተማ የሚመጣውን ሲራራ ነጋዴ የገበያውን ዋጋ ሳያውቅ መንገድ ላይ ወጥቶ መቀበል ነው። ሦስተኛው፣ ከተሜ ለባላገር ሆኖ መሸጥ ሲሆን የነቢዩ ባልደረባ የነበሩት ኢብን ዐባስ ይህን ሲያብራሩ ከተሜው ሲምሳር እንዳይሆንበት ማለት ነው ብለዋል። ሦስቱም በአንድ ሐሳብ ይገናኛሉ፤ ባላገሩ የማያውቀውን ዋጋ ከተሜው ያውቃል፤ በመካከላቸው ያለው የዕውቀት ልዩነት የማን እንጀራ ይሁን?

በአቡ ዳውድ የሐዲስ መዝገብ ያለ ሌላ ዘገባ ደግሞ የስሙን ነገር ያነሳል። ነጋዴዎች ራሳቸውን «ሰማሲራ»፣ ማለት ሲምሳሮች፣ እያሉ ይጠሩ ነበር፤ ነቢዩ ሲያልፉ ከዚያ የተሻለ ስም አወጡላቸው፤ «ቱጃር» አሏቸው። ንግድ ብዙ ልፍለፋና መሐላ ያለበት በመሆኑም ከምጽዋት ጋር እንዲቀላቅሉት መከሯቸው። ቱጃር የሚለው ቃል በአማርኛ ከነክብሩ አለ፤ ሀብታም ነጋዴ ማለት ነው።

አድማጭ እዚህ ላይ ሊጠይቅ ይችላል፤ ደላላው ለምን ያጣድፋል? ረጋ ብሎ፣ እውነቱን ነግሮ አይሠራም ወይ?

መልሱን ከጠባዩ ይልቅ ከሒሳቡ መፈለግ ይሻላል። ቤት የሚያሳይ ደላላ አንድን ተከራይ ይዞ ሲኤምሲ፣ ገርጂና ሳሪስ ቢያዞር፣ ተከራዩ «ላስብበት» ብሎ ከሄደ የቀኑ ድካም ዋጋ የለውም። የሚከፈለው በልፋቱ ልክ ሳይሆን ውሉ ሲፈረም ነው። ስለዚህ «ሌላ ሰው ቀብድ ሊያስይዝ ነው»፣ «ዛሬ ካልወሰንሽ ነገ አታገኚውም»፣ «በዚህ ዋጋ በዚህ ሰፈር? ጠይቂ» ይላል። ሁለተኛ ችግርም አለ። ተከራይዋ አንዴ አከራዩን ካወቀች ደላላውን ዘላ በቀጥታ መዋዋል ትችላለች። ደላላው የሚሸጠው መረጃ ነው፤ መረጃ ደግሞ ካሳዩት በኋላ ተመልሶ ኪስ አይገባም። አድራሻውን አስቀድሞ የማይናገረው፣ በአከራዩና በተከራይዋ መካከል የሚቆመው፣ ስልክ ሲለዋወጡ የሚቁነጠነጠው ለዚህ ነው። መደበቁና ማጣደፉ ከአንድ ምንጭ ይቀዳሉ።

ይህ ሒሳብ በሄደበት ሁሉ አንድ በመሆኑ ቃሉ የዞረባቸው አገሮች ሁሉ የየራሳቸውን ቂም ጭነውበታል። ቱርኮች ቃሉን ወስደው «ተላል» አሉት። በኦቶማን ከተሞች ተላል ሁለት ሥራ ነበረው፤ በገበያ ጨረታ ያካሂዳል፤ በመንገድም የመንግሥት ትእዛዝ ያውጃል፤ በእኛ የቀድሞ አነጋገር አዋጅ ነጋሪ ነው። የቱርክ ተረት ሲጀመር ግመል ተላል፣ ቁንጫ ፀጉር ቆራጭ በነበሩበት ዘመን ይባላል። ከቱርክ ወደ ባልካን አገሮች ሲሻገር ቃሉ በየቦታው ተለያየ። በሮማንያ «ተላል» አሮጌ ልብስ እየዞረ የሚሸጥ ሰው ሆነ፤ በእኛ አገር ሰልባጅ ሻጭ እንደምንለው ያለ። በግሪክ ደግሞ «ዴላሊስ» የመንደር አዋጅ ነጋሪ ሆኖ ቀረ። ለዚህም የቤት ውስጥ ምክንያት ያለ ይመስላል፤ ግሪክኛ ከጥንት «ዲያላሎ» የሚል የራሱ ግስ አለው፤ ትርጉሙም ጮኾ ማሰማት፣ ዕቃ እየጠሩ መሸጥ ነው። እንግዳው ስም ከባለአገሩ ግስ ጎን ሲያርፍ የግሱን ጠረን ወሰደ።

በሕንድ ቃሉ በፋርስኛ በኩል ገብቶ «ደላል» እንደተባለ ቆየ፤ በሕንድም ከሁሉ የላቀ ክብርና ከሁሉ የከፋ ውርደት ደረሰበት። በቦምቤይ አክሲዮን አሻሻጮች በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ከከተማው አዳራሽ ፊት ለፊት በዛፍ ጥላ ሥር ይገበያዩ ነበር። በ1875 እ.ኤ.አ. ማኅበር መሠረቱ፤ ማኅበሩም በእስያ ከሁሉ አንጋፋ የሆነው የቦምቤይ የአክሲዮን ገበያ ሆነ። የሚገኝበት ጎዳና «ደላል ስትሪት» ይባላል፤ የደላላ ጎዳና ማለት ነው። አሜሪካዊ ጋዜጠኛ ዎል ስትሪት እንደሚለው ሕንዳዊው ጋዜጠኛ «ዛሬ ደላል ስትሪት ወረደ፣ ወጣ» ብሎ ይጽፋል። ደላል የቤተሰብ ስምም ሆኖ በጉጃራቶችና በፓርሲዎች ዘንድ በኩራት ይጠራል። በዚያው አገር በሂንዲ ንግግር ግን «ደላል» ስድብ ነው፤ የባቡር ትኬት ሰብስቦ በውድ የሚቸበችበው፣ ሴተኛ አዳሪ የሚያቃጥረውም በዚሁ ስም ይጠራል። በ1989 እ.ኤ.አ. የወጣው የሕንድ የምድር ባቡር ሕግ ያለ ፈቃድ ትኬት የሚነግደውን በእስራትና በገንዘብ ይቀጣል።

ቤንጋሎች ዘንድ ቃሉ ከገበያም አልፎ ወጣ። ባንግላዴሽ በ1971 እ.ኤ.አ. ከፓኪስታን ጋር ተዋግታ ነፃ ስትወጣ ከፓኪስታን ሠራዊት ጋር የተባበሩ ሰዎችን ለመዳኘት በጥር 1972 እ.ኤ.አ. ልዩ ትእዛዝ አወጣች። ሕዝቡ ያንን ሕግ «ደላል አይን» አለው፤ የደላሎች ሕግ እንደ ማለት። ደላላ ከሁለት ወገን የሚበላ፣ የማንም ያልሆነ ሰው ነው የሚለው የገበያ ጥርጣሬ ባንዳ ለሚለው ትርጉም አደረሰው።

የሲምሳርም ዕጣ የሚገርም ነው። ከፋርስኛ ወደ ዐረብኛ፣ ከዐረብኛ ወደ ጣሊያንኛ ገብቶ «ሴንሳሌ» ሆነ። በቬኒስ ከተማ የጀርመን ነጋዴዎች በተመደበላቸው የንግድ ቤት ካልሆነ ማደርም መነገድም አይችሉም ነበር፤ ያለ መንግሥት ደላላም አይገበያዩም። የደላላነቱ ፈቃድ ከዓመት ዓመት ገቢ ስለነበረው መንግሥት ለወደዳቸው ሰዎች እንደ ጡረታ ይሰጠው ጀመር። ዝነኛው ሠዓሊ ቲሲያን ይህን ፈቃድ ለማግኘት ደጅ ጠንቶ፣ ቀድሞ ይዞት የነበረው ሠዓሊ ጆቫኒ ቤሊኒ በ1516 እ.ኤ.አ. ሲሞት ተረከበው። በወረቀት ላይ ደላላ ነው፤ በምትኩ ለከተማው ምክር ቤት አዳራሽ ትልቅ የጦርነት ሥዕል እንዲሠራ ይጠበቅ ነበር። ሥዕሉ ከሃያ ዓመት በላይ ሲዘገይ መንግሥት የበላኸውን መልስ ብሎ ስላስጨነቀው በ1538 እ.ኤ.አ. ጨረሰው። በዕብራይስጥም በመካከል ለሚቆም ሰው «ሳርሱር» የሚል ጥንታዊ ስም ነበር፤ የአይሁድ ሊቃውንት ሙሴን እንኳ በእግዚአብሔርና በሕዝቡ መካከል የቆመ ነውና በዚህ ስም ጠርተውታል። በዛሬይቱ እስራኤል ግን ሳርሱር የሴተኛ አዳሪ አቃጣሪ ነው። እዚያ የሚኖር ኢትዮጵያዊ ቤት ሲገዛ የሚያገናኘውን ሰው «ሜታቬክ» ይለዋል፤ ፈቃድ ያለው አገናኝ ማለት ነው። አሮጌው ስም ሲቆሽሽ ለሙያው ሌላ ስም ወጣለት።

ወደ አፍሪካ ቀንድ ስንመለስ ቃሉን ከብት ገበያ ውስጥ እናገኘዋለን። ሶማሌዎች «ዲላል» ይሉታል። በሐርጌሳና በቡርዖ የግመል ገበያዎች ዲላሉ የገዢን እጅ በጨርቅ ሥር ይይዛል፤ ዋጋው የሚነገረው በሚጨበጡት ጣቶች ነው። በዙሪያው የቆመ ሰው ስንት እንደተባለ አይሰማም። የካይሮው ደላል ዋጋ ሲጮኽ የሶማሌው ይሸሽጋል፤ ሁለቱም ግን የሚኖሩት ዋጋን በመያዝ ነው። ዲላሉ ሌላ ከባድ ኃላፊነትም አለበት፤ የሚሸጠው እንስሳ የተሰረቀ አለመሆኑን፣ ሻጩ ማን እንደሆነ አውቆ ይመሰክራል። እንስሳው የሌላ ሰው ሆኖ ከተገኘ የሚጠየቀው እሱ ነው። እንግሊዛዊው ተጓዥ ሪቻርድ በርተን በ1854 እ.ኤ.አ. ከሶማሌ ጠረፍ ወደ ሐረር ሲጓዝ ያየው «አባን» የሚባለው ሰውም የዚህ ዘመድ ነው፤ ለእንግዳው ነጋዴ አስተናጋጅ፣ አስተርጓሚ፣ ጠባቂና ደላላ ሆኖ በአንድነት ያገለግል ነበር። መንግሥት በሌለበት መንገድ ዋስ ያስፈልጋልና ያለ አባን የሚነግድ አልነበረም። ወደ ደቡብ ሲወረድ በስዋሂሊ «ዳላሊ» ይባላል፤ ዳሬሰላም ውስጥ የሚከራይ ቤት የሚፈልግ ሰው እንደ አዲስ አበባው ዳላሊ ይደውላል።

አማርኛም ይህን ስም ከቀይ ባሕር ንግድ ጋር ሲቀበል በቤቱ የሚጠብቀው ግስ ነበር። ደለለ ማለት አባበለ፣ አግባባ፣ በጣፋጭ ቃል አታለለ ማለት ነው። ለልጅ የሚሰጥ ማባበያም፣ ለሹም የሚሰጥ ጉቦም «መደለያ» ይባላል። የደላላው ሥራ «ድለላ» ነው፤ ሰውን በለዘበ አንደበት ማሞኘትም «ድለላ» ነው። በግሪክ እንግዳው ስም ከጩኸት ግስ ጎን ወድቆ አዋጅ ነጋሪ እንደሆነ ሁሉ በአማርኛም ከማባበል ግስ ጎን ወድቆ አግባቢ ሆነ። መንገድ አሳዪነቱን የሚያስታውስ አማርኛ ተናጋሪ የለም፤ ጆሯችን «ደላላ» ሲባል «መደለል»ን ይሰማል። አንድ ሰው ገና አፉን ሳይከፍት በስሙ ብቻ የተጠረጠረበት ሙያ እንደዚህ ያለ ጥቂት ነው።

ሕግ ግን ስሙን አልፈራውም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ ደላላን በስሙ ጠርቶ ሥራውን ገልጾታል፤ በሙያው ነፃ ሆኖ፣ ጥቅም ለማግኘት፣ ሰዎች የሽያጭ፣ የኪራይ፣ የኢንሹራንስ፣ የማጓጓዣና የመሳሰለውን ውል እንዲዋዋሉ የሚያገናኝ ሰው ነው። የኢንሹራንስ ደላሎችም እስከ ዛሬ ከብሔራዊ ባንክ ፈቃድ አውጥተው ይሠራሉ። ጎዳና ላይ ያለውና ቢሮ ውስጥ ያለው ደላላ አንድ ስም ይጋራሉ፤ የሚለያቸው ማን ይጠይቃቸዋል የሚለው ነው።

ደላላ ባይኖር ምን ይሆናል? ለዚህ የተሻለውን መልስ የሰጠው የእህል ንግድ ነው። የምጣኔ ሀብት ባለሙያዋ እሌኒ ገብረመድኅን በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. የኢትዮጵያን የእህል ገበያ ስታጠና ያገኘችው በመርካቶ እህል በረንዳ የተቀመጡ ደላሎች የአገሪቱ የእህል ዝውውር መገጣጠሚያ መሆናቸውን ነው። የጎጃም ወይም የአርሲ ነጋዴ እህሉን ጭኖ ይልካል፤ አዲስ አበባ ያለውን ገዢ አያውቀውም፤ ጥራቱን የሚመሰክር ደረጃ፣ ዋጋውን የሚነግር መዝገብ፣ ገዢው ቢክድ ቶሎ የሚፈርድ ችሎት የለውም። እነዚህን ሁሉ የሚተካለት ለዓመታት የሚያውቀው አንድ ደላላ ነው። እህሉን በእጁ ዘግኖ ያያል፣ ገዢ ያፈላልጋል፣ ገንዘቡ እንደሚመጣ ዋስ ይሆናል፤ የተጻፈ ውል የለም። ደላላው የኖረው ሌላው ሁሉ በመጥፋቱ ነበር።

እሌኒ ከዚህ ጥናት ተነስታ የኢትዮጵያ ምርት ገበያን መሠረተች፤ ግብይቱ በ2008 እ.ኤ.አ. በበቆሎና በስንዴ ተጀመረ። ሐሳቡ ግልጽ ነበር፤ መጋዘን፣ የጥራት ደረጃ፣ በሰሌዳ ላይ የሚታይ ዋጋና ዋስትና ያለው ክፍያ ከተዘረጋ የደላላው ምስጢር ዋጋ ያጣል። በቡና ላይ ይህ በስፋት ተሠራ፤ ለዚህም በዚያው ዓመት የወጣው ሕግ ቡና በምርት ገበያው በኩል እንዲሸጥ ማስገደዱ ረድቷል። ለአገር ውስጥ ፍጆታ የሚቀርበው እህል ግን በአብዛኛው ወደ ድሮው መንገድ ተመለሰ። ትንሹ ነጋዴ ለአንድ መኪና በቆሎ መጋዘን ደርሶ ደረጃ ከማስወጣት ይልቅ ስልክ አንስቶ የሚያውቀውን ደላላ መጠየቅ ይቀለው ነበር።

ደላላ በጎ መስሎ ሊታይ የሚችለው ግን ተጎጂው የሚመልስበት አቅም ሲኖረው ነው። እህል ነጋዴው ከተታለለ ቀጣዩን ጭነት ለሌላ ደላላ ይልካል። ወደ ዐረብ አገር የምትሄድ ልጅ ግን አንድ ጊዜ ነው የምትሄደው። የሰው ደላላ ብዙ ጊዜ የሩቅ ሰው አይደለም፤ ጎረቤት፣ የአክስት ልጅ፣ ቀድማ ሄዳ የተመለሰች ጓደኛ ይሆናል። ደመወዙን ያስወድዳል፣ ሥራውን ያቀላል፤ የሚከፈለው ልጅቷ ስትነሳ ነው፤ ከደረሰች በኋላ በሚሆነው ነገር አይጠየቅም። እዚያ ስትደርስ ሠራተኛ አቅራቢው ቢሮ ይቀበላታል፤ ልጆቹ በዐረብኛው «መክተብ» ይሉታል። መንግሥት በጥቅምት 2013 እ.ኤ.አ. ወደዚያ የሚደረገውን የሥራ ጉዞ አገደ፤ ከኅዳር ጀምሮ ሳዑዲ ዐረቢያ በጥቂት ወራት ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያንን መለሰች። እገዳው እስከ 2018 እ.ኤ.አ. ሲቆይ ሕጋዊው በር ተዘጋ እንጂ ፈላጊው አልቀነሰም፤ በየመን በረሃ በኩል የሚያሻግሩት ደላሎች ሥራ በዛላቸው። በ2016 እ.ኤ.አ. የወጣው የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923 ፈቃድ ያላቸው ኤጀንሲዎች ብቻ እንዲሠሩ፣ የቪዛና የአየር ትኬት ወጪውን አሠሪው እንዲችል ደነገገ። ይህ የመጨረሻው ድንጋጌ የደላላውን አንደበት ትቶ ኪሱን የነካ ነው።

ኪሱን የመንካት ነገር በባዕድ አገርም ትልቅ ጉዳይ ሆኗል። በዋሽንግተን አካባቢ፣ በቨርጂኒያና በሜሪላንድ የሚኖሩ ብዙ ኢትዮጵያውያን ቤት የሚገዙት አማርኛ በሚናገር ኤጀንት በኩል ነው። በአሜሪካ ልማድ የገዢውም ኤጀንት ኮሚሽን የሚከፈለው ብዙ ጊዜ ከሻጩ ወገን ነበር፤ ገዢው «ነፃ ነው» እየተባለ ቤት ይጎበኛል፤ ኤጀንቱ ግን ዋጋው በጨመረ ቁጥር ድርሻው ይጨምራል። ቤት ሻጮች ይህን አሠራር ተቃውመው ከሰሱ። የአገሪቱ የቤት ደላሎች ብሔራዊ ማኅበር በመጋቢት 2024 እ.ኤ.አ. 418 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈልና ደንቡን ለመለወጥ ተስማማ። ከነሐሴ 17 ቀን 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ገዢው ከኤጀንቱ ጋር አንድም ቤት ከመጎብኘቱ በፊት ሁለቱ ኤጀንቱ ስንት እንደሚከፈለው የሚገልጽ ውል በጽሑፍ መፈራረም አለባቸው። ሻጩ ለገዢው ኤጀንት የሚሰጠው ድርሻም ደላሎቹ ብቻ በሚጋሩት የቤቶች ዝርዝር ውስጥ እንዳይወጣ ተከልክሏል።